«እነሱ መች ተናገሩና!»

አሁን ገና ቤት መግባቴ ነው። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ካልጻፍኩት ግን አልተኛም።

«ላምብ» በትልቅ ስክሪን ሊታይ ነው ሲባል ከስራ አስፈቅጄ፣ 200 ብር ከፍዬ ነው የሄድኩት። የያሬድ ዘለቀ ፊልም፤ በ2007 ዓ.ም. ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም እኮ ነው! በላፕቶፕ ሁለቴ አይቼዋለሁ፤ ያ ግን ማየት አይባልም።

እሺ፣ ጀመረ። የኤፍሬም እናት ሞታለች። አባቱ ሩቅ ዘመድ ቤት አድርሶት ስራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው። አብሮት የሚቀረው አንድ በጉ፣ ቹኒ ብቻ። ኤፍሬምን የሚጫወተው ረድኤት አማረ፣ ያ ትንሽ ልጅ፣ ሐዘኑን በጩኸት አይደለም የሚነግረን። ያያል። በቃ። ፊቱ ላይ የሚሆነውን ካላየህ ፊልሙን አላየኸውም። ልክ እዚችው ላይ ከኋላዬ፦ «ሄሎ! አዎ! ፊልም ቤት ነኝ! አይ አይ፣ አውራኝ፣ ችግር የለውም!»

ችግር የለውም!

አንዴ ዞርኩ። ሁለቴ ዞርኩ። በሶስተኛው «ወንድሜ፣ በናትህ፣ መስማት አልቻልኩም» አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ምኑን ነው የምትሰሚው? እነሱ መች ተናገሩና!» ረድፉ በሙሉ ሳቀ። አንዷማ ፈንዲሻዋ እስኪደፋ ድረስ።

ዝም ማለታቸው እኮ ነው ትወናው! ይህን ልለው ፈልጌ ምላሴ ተሳሰረ።

አስተናባሪው ባትሪ አብርቶ ሲመጣ ተመስገን አልኩ። ባትሪውን ማን ላይ ያበራል? እኔ ላይ! «እህት፣ ካልተመቸሽ ፊት ባዶ ወንበር አለ። ሰው አትረብሺ።» እኔ ነኝ ረባሿ!

ታክሲ ውስጥም ይሄው ነው። ማክሰኞ ዕለት አንዱ ከመገናኛ እስከ ፒያሳ ቲክቶኩን ለቆብን ሄደ። ረዳቱን «ኧረ ንገረው» ብለው «ኮንትራት ያዢያ!» አለኝ። ለቅሶ ቤት እንኳ፣ ሬሳ ሳይወጣ፣ ስልክ በዘፈን ይጠራል፤ ባለቤቱም እዚያው ተቀምጦ ያነሳዋል። የት ሄደን ነው ዝም የምንለው?

ከዚያ ደግሞ እነዚሁ ሰዎች «የኛ ፊልም ጩኸት ብቻ ነው፣ ትወና የለም» ይላሉ። ጩኸት የሌለበት ሲመጣላችሁ እናንተ ትጮሁበታላችሁ!

ፊት ሄጄ አንገቴን ሰቅዬ ጨረስኩት፤ ምን ላድርግ። ኤፍሬም ምግብ መስራት ይወዳል፤ አጎቱ የሴት ስራ ነው ብሎ ይንቅበታል። በጉንም ለበዓል ሊያርድበት ነው። ልጁ ግን ተደብቆ ሳምቡሳ ይሸጣል፣ ወደ አገሩ የሚመለስበትን መሳፈሪያ ሊያጠራቅም። ያንን ሁሉ ጭንቀት በሁለት ዓይኑ ተሸክሞታል። ቅድስት ስዩምም እንደዚያው፤ የዘመዱን ልጅ ጽዮንን ስትሆን አንገቷን የምትሰብረው እንኳ ይናገራል። እኔ ግን ግማሹን ያየሁት ንዴቴን እየዋጥኩ ነው።

መውጫው ላይ ያ ድምፅ እንደገና። አሁንም ስልክ ላይ ነው። «ኧረ ምንም የለውም ባክህ። አንድ ልጅና አንድ በግ ነው።»

አሁን በሬን ዘግቼ፣ በዚያችው ላፕቶፕ ከመጀመሪያው ልጀምረው ነው። ማንም እንዳይደውልልኝ።