ለተከበሩ ዳኛችን ዕድሜ ይስጥልን

ባህር ዳር ውስጥ ከአሳና ከባጃጅ ቀጥሎ የተትረፈረፈው ምንድን ነው ብትሉኝ የፊልም ዳኛ ነው እላለሁ። መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ፊልሙ ሳያልቅ ፍርዱ አልቋል፣ ይግባኝም የለው።

ሰሞኑን ጣና ዳር አንድ ጓደኛችን ቤት ፕሮጀክተር ተበድረን፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጥረን «ዘ ፎል»ን አየን። (መብራት ሳይጠፋ መጨረሳችን ራሱን የቻለ ተአምር ነው።) ታርሴም ሲንግ ከ20 በላይ አገር እየዞረ የቀረጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ለእይታ የበቃ ፊልም ነው። ላይ ላዩን ተረት ነው። ሎስ አንጀለስ ሆስፒታል የተኛ፣ ወድቆ እግሩ አልታዘዝ ያለው የፊልም ሰው፣ እጇ ለተሰበረ ትንሽ ልጅ የጀግኖች ታሪክ ያወራላታል። የሚያወራው እሱ ነው፤ እኛ የምናየው ግን እሷ በሐሳቧ የሣለችውን ነው። ለዚህ ነው ሆስፒታሉ ውስጥ የምታውቃቸው ሰዎች ተረቱ ውስጥ ሌላ ልብስ ለብሰው ብቅ የሚሉት። ሰውየውም ቢሆን ለጽድቅ አይደለም የሚያወራው። መሞት ስለፈለገ ሞርፊን እንድትሰርቅለት እያባበላት ነው።

እንግዲህ ወደ ዳኛችን። ስም አልጠራም፤ በየቤቱ አንድ አንድ ስላለ አይቸግራችሁም። የተጠበሰ አሳ በፌስታል አንጠልጥለው፣ ፊልሙ ከተጀመረ ቆይቶ ገቡ። ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ «ይሄ ጥሩው ነው መጥፎው?» አሉ። ከዚያ ስልካቸውን አወጡ። በረሃው ሲመጣ ቀረጹ፣ ሰማያዊዋ ከተማ ስትመጣ ቀረጹ፣ ጭንቅላታችን ሲጋርዳቸው «ዝቅ በሉማ» እያሉ ቀረጹ፣ ዝሆኑ ባሕር ውስጥ ሲዋኝ ደግሞ ቀረጻውን ሳያቋርጡ «ይሄ ኮምፒውተር ነው» ብለው ፈረዱ። ዝሆኑ የእውነት ዝሆን ነው፣ የእውነት ነው የዋኘው፤ ቢነገራቸውም «ተው ባክህ» አሉ፣ ዓባይ መውጫው ላይ ጉማሬ ብቅ ጥልቅ ሲል እያዩ ያደጉት ሰውዬ! መጨረሻው ላይ፣ ልጅቷ እያለቀሰች የተረቱን ጀግና «አትግደለው» ብላ ተራኪውን ስትለምነው፣ እኛ ትንፋሻችንን ውጠን ስናይ፣ ክቡርነታቸው ለቲክቶካቸው ዘፈን እየመረጡ ነበር። ዘፈኑንም በድምፅ አሰሙን። ሁለት ዓይነት።

ከዚያ ፍርድ። «ምስሉ አንደኛ ነው። ታሪክ ግን የለውም። ከ10 4፣ እሱም ለዝሆኑ ስል።»

ጥበብ ማለት ይሄ ነው! እኛ ሞኞቹ ሁለት ሰዓት ዓይናችንን አፍጥጠን ያላገኘነውን እርሳቸው አሳ እየጋጡ አገኙት።

አይ፣ እውነት ለመናገር ያበግናል። አትውደደው፣ መብትህ ነው። ሰለቸኝ በል፣ ተኛ፣ ውጣ። ግን ያላየኸውን ታሪክ «የለም» ስትል ለምን አታፍርም? ያውም ጎጃም ላይ ቁጭ ብለህ፣ ተማሪ ኮቾሮ እየበላ ለአንድ ቅኔ ወርቅ ሌሊቱን በሚያነጋበት አገር! ሰሙን ብቻ ልሰህ ወርቅ የለውም ትላለህ?

እሺ፣ ተረጋግቻለሁ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ሙሉውን ፊልም በሦስት ደቂቃ ትረካ ሰምተው «አይቸዋለሁ» የሚሉትንም ሳላመሰግን አላልፍም። «ትርጉም ቢሆን ኖሮ ይገባኝ ነበር» የሚሉትንም፤ ተተርጉሞ ሲመጣ ስልካቸው ላይ ስለሆኑ የሚጎዳቸው የለም።

ለዋናው ዳኛችን ግን የዘጌ ጉዞ ብንጋብዛቸው ደስ ይለኛል። በጀልባ ተሻግረው፣ በቡናው ጫካ አድርገው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይግቡ። ግድግዳው ላይ በላዔ ሰብ አለ። 78 ነፍስ የበላው፣ በአንድ ጥርኝ ውኃ የዳነው። ቄሱ ታሪኩን ከመጀመሪያው ሊያስረዱ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ዳኛችን ስልካቸውን እንዳነሡ፦

«አባ፣ ትንሽ ወደ ጎን ይበሉልኝ፤ ጥላ ጣሉብኝ።»