«በደማቸው ነው» አትበሉኝ

ጥቁር አሜሪካዊው የራግታይም ሙዚቃ ደራሲ ስኮት ጆፕሊን በሚያሳትማቸው የፒያኖ ኖታዎች ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስጽፍ ነበር። «ይህን ሥራ አታፍጥኑት። ራግታይምን አፍጥኖ መጫወት መቼም ቢሆን ልክ አይደለም» ይላል። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ይህ ማሳሰቢያ ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። ያስታወሰኝ አንድ ወዳጄ ነው። ቡና እየጠጣን የጃዝ ሙዚቀኛው የሉዊስ አርምስትሮንግ ሙዚቃ ተከፍቶ ነበር። «እነሱ እኮ ሙዚቃው በደማቸው ነው፤ ማን አስተማራቸው!» አለ።

በቅንነት ነው ያለው። እያደነቃቸው ነው። እኔ ግን ይህች አድናቆት ጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቀኞችን ብዙ ያስከፈለች ይመስለኛል። በደም ለመጣ ነገር ማን ይከፍላል? ሳይለፋ ያገኘው ነው ለተባለ ሰው ማን ሽልማት ይሰጣል?

እስቲ ጆፕሊንን እንመልከት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ በባርነት ያለፈ ሰው ነው፤ ቫዮሊን ይጫወታል። እናቱ ባንጆ ትጫወታለች፤ የምትተዳደረው ግን የሰው ቤት እያጸዳች ነው። ልጁ ፒያኖ የለመደው እናቱ በምትሠራበት ቤት ነው። ቴክሳርካና ከተማ ውስጥ ጁልየስ ዋይስ የሚባል ጀርመን ተወላጅ የሙዚቃ አስተማሪ ነበር። የልጁን ችሎታ አይቶ ያለ ክፍያ አስተማረው። የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃና ኦፔራ ያስተዋወቀው እሱ ነው። ጆፕሊን አድጎም ትምህርቱን አልተወም። ሚዙሪ ግዛት ሴዳሊያ ውስጥ ለጥቁሮች በተከፈተ ኮሌጅ ገብቶ ሙዚቃ ተምሯል። ታዋቂው የፒያኖ ሥራው «ሜፕል ሊፍ ራግ» የታተመው እዚያው ሴዳሊያ እያለ፣ በ1899 ነው።

ራግታይም ሲሰሙት የዋዛ ይመስላል። ግራ እጅ እንደ ማርሽ ባንድ እኩል እየረገጠ ይሄዳል። ቀኝ እጅ ግን ምቱን ይሸሸዋል። አንዴ ይቀድመዋል፣ አንዴ ወደ ኋላ ይቀርበታል። ስሙም የተቦጫጨቀ ምት ከሚል የመጣ ነው ይባላል። ያ ሽሽት ከምዕራብ አፍሪካ ከበሮ የተወረሰ ነው። ማርሹና የፒያኖው ስምምነት ደግሞ የአውሮፓ ነው። ሁለቱን በአንድ ሰው አሥር ጣቶች ላይ አስማምቶ፣ እያንዳንዷን ድምፅ በኖታ መጻፍ እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ አስቡት። አታፍጥኑት ማለቱ ለዚህ ነው። ሲፈጥን የለፋበት ነገር አይሰማም።

በዚያን ጊዜ ብዙ ጥቁር ደራሲዎች ሥራቸውን በጥቂት ዶላር አንዴ ሸጠው ይገላገሉ ነበር። ጆፕሊን ግን ለ«ሜፕል ሊፍ ራግ» ውል ተዋዋለ። ከተሸጠው ከእያንዳንዱ ቅጂ 1 ሳንቲም። ትንሽ ናት፤ ግን «ይህ የእኔ ሥራ ነው» ብሎ በወረቀት ማስፈሩን በጣም አከብርለታለሁ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የኦፔራው ነገር ነው። «ትሪሞኒሻ» ይባላል። ታሪኩ ስለ አንዲት የተማረች ጥቁር ወጣት ነው፤ ወገኖቿን ከአስማተኞች ማታለል ነጻ ታወጣለች። መፍትሔው ትምህርት ነው የሚል ኦፔራ! የሚያሳትምለት ስላጣ በ1911 በራሱ ገንዘብ አሳተመው። ኒውዮርክ፣ ሐርለም ሰፈር ውስጥ፣ ኦርኬስትራ ሳይኖር ራሱ ፒያኖ እየመታ አንድ ጊዜ አሳየው። ሰሚ አላገኘም። ኤፕሪል 1 ቀን 1917 ኒውዮርክ ውስጥ ሞተ። መቃብሩ እስከ 1974 ድረስ ምልክት እንኳ አልነበረውም። ኦፔራው መድረክ ላይ በሙሉ የታየው በ1972፣ ጆፕሊን ታላቁ የአሜሪካ የፑሊትዘር ሽልማት የተሰጠው ደግሞ በ1976 ነው።

ወደ ጃዝ ስንመጣም ያው ነው። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ኮንጎ አደባባይ የሚባል ቦታ አለ። በባርነት የተያዙ ሰዎች እሁድ እሁድ እየተሰበሰቡ ከበሮ የሚመቱበትና የሚጨፍሩበት ነበር። በዚያው ከተማ ክሪዮል የሚባሉ፣ ከጥቁርና ከፈረንሳይ የተወለዱ ቤተሰቦችም ነበሩ። ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ኖታና ክላርኔት በወጉ ያስተምሩ ነበር። ከ1890 ጀምሮ የወጡት የዘር መለያየት ሕጎች እነሱንም ከጥቁሮቹ ጋር በአንድ በኩል አሰለፏቸው። በኖታ የሚጫወተውና በጆሮ የሚጫወተው በአንድ ባንድ ውስጥ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን አስተማረ። ብሉዝ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር፣ የቀብር ማርሽና ራግታይም እዚያ ተቀላቀሉ።

አርምስትሮንግስ? የ11 ዓመት ልጅ ሳለ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ሽጉጥ ወደ ሰማይ ተኩሶ ተያዘ። ወደ ጥቁር ልጆች ማረሚያ ቤት ተላከ። ኮርኔት የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ በሥርዓት ያስተማረው እዚያ ያገኘው ፒተር ዴቪስ ነው። ከዚያ ኮርኔት ተጫዋቹ ጆ ኦሊቨር በተማሪነት ያዘው። ከዚያ በሚሲሲፒ ወንዝ መርከቦች ባንድ ውስጥ ኖታ ንባቡን አጠናከረ። ለወዳጄ ጥያቄ መልሱ ይኸው፤ ያስተማሩት ሰዎች ስም አላቸው።

«እዚያው መድረክ ላይ እየፈጠሩ መጫወትስ?» ትሉ ይሆናል። ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። የቅኔ ተማሪ ስንት ዓመት ግስ ሲያጠና፣ ቅኔ ሲቆጥር ይኖራል። በበዓል ቀን ማኅሌት ላይ ቆሞ የሚዘርፈው ከዚያ በኋላ ነው። እሱን «በደሙ ነው» ብለን ዓመታቱን አንሰርዝበትም።

የመጀመሪያው የጃዝ ሸክላ የተቀረጸው ጆፕሊን በሞተበት በ1917 ነው። የቀረጹት ግን አምስት ነጮች ናቸው፤ ኦሪጅናል ዲክሲላንድ ጃዝ ባንድ። የባንዱ መሪ ኒክ ላሮካ ኋላ ላይ ጃዝን የፈጠሩት ነጮች ናቸው እስከማለት ደርሷል። ከእነሱ በፊት ኒው ኦርሊንስን በኮርኔቱ ያናወጠው በዲ ቦልደን በ1907 የአእምሮ ሕመምተኞች ሆስፒታል ገብቶ እስኪሞት አልወጣም። ድምፁን የምንሰማበት አንድም ሸክላ የለም። የሰው ልፋት በደም ሲሳበብ እንዲህ በቀላሉ ይወሰዳል።

በ1965 የፑሊትዘር ዳኞች ለጥቁር አሜሪካዊው የጃዝ ደራሲና ባንድ መሪ ለዱክ ኤሊንግተን ልዩ ክብር እንዲሰጠው ሐሳብ አቀረቡ። ቦርዱ እምቢ አለ። ሁለት ዳኞች በዚህ ምክንያት ሥራውን ለቀቁ። ክብሩ የተሰጠው ከሞተ በኋላ፣ በ1999 ነው። አዲስ አበባ ግን ይህን ያህል አልዘገየችም። በ1973 ኤሊንግተን መጥቶ ሲጫወት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን ሰጡት። ያኔ አብረውት የነበሩት ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄም ለንደንና ቦስተን ሙዚቃ ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው። ኢትዮ ጃዝ የእኛን አምስት ድምፅ ቅኝቶች ከጃዝ ስምምነት ጋር ሲያዋህድ የአንዱ ጣዕም በሌላው እንዳይጠፋ ተጠንቅቆ ነው። ይህ ተቀምጦ፣ አስልቶ፣ ሞክሮ የሚገኝ ነው።

ወዳጄን በሚቀጥለው ጊዜ ሳገኘው «ሜፕል ሊፍ ራግ»ን ሳያፈጥን የሚጫወት ፒያኒስት እከፍትለታለሁ። መጀመሪያ ግራ እጁን ብቻ ተከትሎ እንዲሰማ። ከዚያ መልሼ እከፍትለትና ቀኙን ብቻ።