«ቴክሳስ ነው፤ ማን ያየዋል?»

ባለፈው ወር የአጎቴ ልጅ ፒክአፕ ልግዛ ብሎ ዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ ውስጥ አንድ ያገር ልጅ ቤት ደጃፍ ድረስ ይዞኝ ሄደ። ለሽያጭ የቀረበው የናፍጣ ፎርድ ኤፍ 250 ሲሆን፣ ከፋብሪካ ከወጣበት ቁመት ስድስት ኢንች ከፍ ተደርጎ፣ 37 ኢንች ጎማ ተገጥሞለት፣ ኮፈኑ ትከሻዬ ድረስ ደርሷል። ማንም ሐሳቤን ባይጠይቀኝም፣ እንዲህ ያለው መኪና በሕግ ታርጋ ያወጣ እንደሆነ ሻጩን ጠየቅሁት። ወጣቱ ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? ቴክሳስ ነው፤ ማን ያየዋል?» አለኝ።

ንዴቴ በልጁ ላይ አይደለም፤ የተናገረው እውነት ነው። ንዴቴ ይህን አነጋገር እውነት ባደረገው ውሳኔና ውሳኔውን እስከ ዛሬ እንደ ትልቅ እፎይታ በሚያወድሱት ሰዎች ላይ ነው። ገዥው ግሬግ አቦት እ.ኤ.አ. በ2023 በፈረሙትና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት በቴክሳስ የግል መኪና ለመመዝገብም ሆነ ምዝገባውን ለማሳደስ የደኅንነት ምርመራ ማለፍ አይጠበቅበትም። ቀድሞ ለምርመራው 14.50 ዶላር እንከፍል ነበር፤ 7 ዶላሩ ጎማና ፍሬን ለሚያየው ጋራዥ፣ 7.50 ዶላሩ ለመንግሥት ነበር። አሁን የቀረልን የጋራዡ 7 ዶላር ብቻ ነው። የመንግሥቱ ድርሻ «የምርመራ ፕሮግራም ምትክ ክፍያ» የሚል አዲስ ስም ወጥቶለት በየዓመቱ ይሰበሰባል። የሚሠራው ተሰናብቶ የማይሠራው ደመወዙን ይዞ ቀረ ማለት ነው።

የውሳኔው ደጋፊዎች አዘውትረው የሚያነሡት «የዛሬ መኪና እንደ ድሮው አይደለም፤ ፋብሪካው ራሱ አስተማማኝ አድርጎ ስለሚሠራው ምርመራ ጊዜ ማባከን ነው» የሚለውን ክርክር ነው። ስለ እኔ ቶዮታ ካምሪ ከሆነ፣ እሺ፣ ይሁን። ስለዚያ ኤፍ 250 ግን የትኛው ፋብሪካ ነው የሚመሰክረው? ፎርድ የመሰከረው ራሱ ለገጠመው ሞላና ጎማ፣ በራሱ ቁመት ላይ ላስተካከለው መብራት ነው። ሞላው ወጥቶ ሌላ ሲገባ የመሪው ዘንጎች የተሠሩበት ማዕዘን ይለወጣል፤ ለ34 ኢንች ጎማ የተለካው ፍሬን ከዚያ የከበደ የ37 ኢንች ጎማ እንዲያቆም ይፈረድበታል፤ ክብደቱ ወደ ላይ ስለሚወጣም መኪናው ኩርባ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። አንድ አዲስ መኪና ለመጀመሪያ ገዢው ከመሸጡ በፊት ከፍ የተደረገ እንደሆነ፣ ለውጡን የሠራው ድርጅት መኪናው የፌዴራሉን የደኅንነት ደረጃ አሁንም እንደሚያሟላ የሚያረጋግጥ ጽሑፍ በራሱ ስም እንዲለጥፍ ይገደዳል። ከተሸጠ በኋላ ባለቤቱ በገዛ ግቢው ከፍ ካደረገው ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም። በሩን ከፍቼ እንዲህ ያለው ጽሑፍ የሚለጠፍበትን የበሩን ምሰሶ አየሁት። የተለጠፈው የፋብሪካው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ እሱም የሚናገረው ስለ ሌላ መኪና ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የመብራቱ ነገር ነው። ከዳላስ አየር ማረፊያ ሰው ሳመላልስ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ አብዛኛውም በሌሊት ነው። በ635 አውራ ጎዳና ላይ እንዲህ ያለ መኪና ከኋላዬ ሲጠጋ፣ ከመኪናው በፊት የማየው የገዛ ጭንቅላቴን ጥላ ዳሽቦርዱ ላይ ተጋድሞ ነው። ስፖኪዮው ነጭ ይሆናል፤ ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ፖሊስ ያስቆመን መስሎት ዞር ይላል። ሰውየው ረጅሙን መብራት አላበራም፤ አጭሩ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ። የቴክሳስ ሕግ የፊት መብራት መሃሉ ከመሬት ከ24 እስከ 54 ኢንች ከፍታ ላይ እንዲሆን ይፈቅዳል። 54 ኢንች 137 ሴንቲ ሜትር ነው። የአሜሪካ መሐንዲሶች መንገድ ሲነድፉ የአሽከርካሪው ዓይን ያለበት ብለው የሚወስዱት ቁመት ደግሞ ሦስት ጫማ ተኩል፣ ማለትም 107 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አጭር መብራት የሚሠራው ብርሃኑ ወርዶ አስፋልቱ ላይ እንዲያርፍ ነው፤ ምንጩ ከዓይኔ 30 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን ግን ወደ አስፋልቱ የሚወርደው በእኔ የኋላ መስኮት በኩል አልፎ ነው። ይህን የጻፈው ሕግ አውጪ በሌሊት ቶዮታ ነድቶ ያውቅ እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ሻጩን ሜትር አስመጥቼ የዚያን መኪና መብራት ለካሁት፤ 53 ኢንች ሆነ። በአንዲት ኢንች ሕጋዊ ነው። መኪናው ከፍ ከተደረገ በኋላ መብራቱ ወደ ታች ተስተካክሎ እንደሆነ ስጠይቀው «እሱንስ አላሰብኩበትም» አለኝ። በካቻቢቴ የሚያልቅ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚጠይቅ ስለሌለ ግን አልተሠራም።

ምዝገባውስ ምን ይጠይቃል? በግል ሽያጭ ሊብሬውን፣ እዚህ ታይትል የሚሉትን፣ ሻጩ ፈርሞ ይሰጣል፤ ገዢ 130-ዩ የተባለውን ቅጽ ሞልቶ፣ መታወቂያና ኢንሹራንስ ይዞ፣ በ30 ቀን ውስጥ ካውንቲው ታክስ ቢሮ ይቀርባል፤ 6.25 በመቶ የሽያጭ ግብር ይከፍላል። ሁሉም ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንባብም ይጻፋል፤ እዚህ ማይል ነው። ጎማው ከ34 ወደ 37 ኢንች ሲያድግ፣ ቆጣሪው ካልተስተካከለ በቀር፣ 100 ማይል ባለ ቁጥር መኪናው የሄደው 109 ማይል ያህል ነው። ሻጩ ቆጣሪው የሚለውን በታማኝነት ጽፎ ይፈርማል፤ የሚዋሸው ቆጣሪው ነው።

በዳላስና በአካባቢው ባሉ ካውንቲዎች የጭስ ምርመራው ስላልቀረ «ጨርሶ የሚያይ የለም አይባልም» የሚሉኝ አሉ። ሕጉ ሲጸና ይህ ግዴታ የቀጠለው በ17 ካውንቲዎች ብቻ ሲሆን፣ የሚመለከተውም ሁለት ዓመት ሞልቶት 24 ዓመት ያላለፈውን የቤንዚን መኪና ነው። የናፍጣ መኪና ነፃ ነው። ስለዚህ የእኔ ካምሪ በየዓመቱ ጣቢያ ገብቶ ይሰለፋል፤ ያ ኤፍ 250 ግን ጎማው እስኪላጭ ድረስ የአንድም መርማሪ ዓይን ሳያርፍበት ይኖራል። በዚህ ክፍለ ግዛት የሚመረመረው ትንሹ መኪና ነው፤ ግዙፉ ይታመናል።

የድሮው ምርመራ ፍጹም ነበር አልልም፤ ኮፈን ሳይከፍቱ ወረቀት የሚሰጡ ጋራዦች እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን። የመኪናውን ከፍታም አይለካም ነበር። ግን መሪውን የሚያወዛውዝ፣ ፍሬኑን የሚሞክር፣ የተላጨ ጎማ የሚጥል ሰው በዓመት አንዴ ነበር። አሁን በእሱ ምትክ የተሰጠን መልስ «ፖሊስ መንገድ ላይ ያስቆመዋል» የሚል ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ፖሊስ ሜትር ይዞ የሚመጣው ሰው ከተገጨ በኋላ ነው። በኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደገፈው የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ኮፈናቸው ከ40 ኢንች በላይ የሆነ መኪናዎች እግረኛ ሲገጩ የመግደል ዕድላቸው፣ ኮፈናቸው 30 ኢንችና ከዚያ በታች ሆኖ ካዘነበለ መኪናዎች በ45 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። በጋርላንድ ያየሁት ኮፈን እኔ ትከሻ ላይ የሚደርስ ከሆነ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ የሚሻገር ልጅ ሾፌሩ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ከነጭራሹ የለም።

ነፃነት ነው የሚሉት ቨርጂኒያን ይመልከቱ። እዚያ ፓራውልት ከመሬት ሊኖረው የሚችለው ከፍታ እንደ መኪናው ክብደት በኢንች ተወስኗል፤ ዓመታዊ ምርመራውም አልቀረም፤ ከዚያ አልፎ በ2022 ፊቱ ከኋላው አራት ኢንች ከፍ ያለ መኪና ከመንገድ ተከልክሏል። ሰሜን ካሮላይና በ2021፣ ደቡብ ካሮላይና በ2023 ይህንኑ ክልከላ አውጥተዋል። ፒክአፕ የሚወድ ሰው በካሮላይና ጠፍቶ ነው? የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ከፋብሪካ ቁመቱ የተለወጠ መኪና ሲመዘገብ አንድ ሰው ወጥቶ መብራቱን ይለካ፣ መሪውንና ፍሬኑን ይሞክር፤ ክፍያው እንደሆነ ከእኛ እየተወሰደ ነው።

የአጎቴ ልጅ ምክሬን አልሰማም፤ መኪናውን ገዛው። ማክሰኞ ጠዋት ካውንቲው ቢሮ ሄዶ ከሰዓት ሳይሞላ ታርጋውን ይዞ ወጣ። ሠራተኛዋ መኪናው የት እንደቆመ እንኳ አልጠየቀችውም፤ 7.50 ዶላሩን ግን ተቀብላዋለች።