«ልጆቹ ትልልቅ ናቸው፤ ምን ያስቸግርሻል?»

ሁለተኛ ትዳር ልመሠርት መሆኔን የነገርኳቸው ወዳጆቼ ሁሉ፣ ተመካክረው የመጡ ይመስል፣ የመለሱልኝ አንድ ዓይነት ነገር ነበር፦ «ልጆቹ ትልልቅ ናቸው፤ ምን ያስቸግርሻል?» እኔም አመንኳቸው። የ52 ዓመት ሴት ነኝ፤ የመጀመሪያ ባሌን ሞት ከነጠቀኝ 8 ዓመት ሆኖኛል፤ ሁለቱ ልጆቼም ራሳቸውን ችለዋል። አሁን ያገባሁት ሰው ከቀድሞ ሚስቱ ከተፋታ 9 ዓመት ያለፈው የሦስት ልጆች አባት ሲሆን፣ የመጨረሻው ልጁ እንኳ 22 ዓመቱ ነው። በቤቱ ውስጥ የሚታጠብ ሕፃን የለ፣ ትምህርት ቤት የሚመላለስ ልጅ የለ፣ ሌሊት የሚያለቅስ የለ፤ ታዲያ ችግሩ ከየት ይመጣል ብዬ ነበር የገባሁት። ይኸው አንድ ዓመት ከአራት ወር ሞላኝ፤ ያን ምክር የለገሱኝን ሰዎች በስም እየጠራሁ መውቀስ ባልችልም፣ ብሶቴን ግን ከዚህ በላይ በሆዴ ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም።

በቁልፉ ልጀምር። ሦስቱም ልጆች የአባታቸው ቤት ቁልፍ አላቸው። ከሥራ ገብቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ሳሎን ውስጥ ጋደም ባልኩበት ሰዓት በሩ ሳይንኳኳ ይከፈትና የ30 ዓመቷ ትልቋ ልጅ ትገባለች፤ በቀጥታ ወደ ማቀዝቀዣው ሄዳ ከፍታ ታያለች፤ የምታውቀው ነገር ከቦታው ካልተገኘ በረጅሙ ትተነፍሳለች። ሰው በቤቱ እንግዳ ሲመጣበት ተነሥቶ ልብሱን ያስተካክላል፤ እኔ የማስተካክለው ግን እንግዳዋ ራሴ ስለሆንኩ ነው። አንድ ቀን ባሌን «ቢያንስ ከመምጣታቸው በፊት አይደውሉም ወይ?» ብዬ ብጠይቀው «ቤታቸው እኮ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የጨነቀኝም እውነቱን መሆኑ ነው። ቤታቸው ከሆነ የእኔ ምንድን ነው ብዬ ልጠይቀው አሰብኩና መልሱን ስለፈራሁት ተውኩት።

ከቁልፉ የማይተናነስ ብሶት ደግሞ የአጠራር ነገር አለብኝ። ቋንቋችን ለእኔ ያዘጋጀልኝ ስም «እንጀራ እናት» የሚል ነው። የራሷን ደመወዝ ለምታገኝ ሴት የቆረስኩላት እንጀራ እንደሌለ፣ እናቷም እንዳልሆንኩ ሁለታችንም እናውቃለን፤ እናቷ በሕይወት አለች፣ በየቀኑም ይደዋወላሉ። ስለዚህ ከሁለቱ ቃላት አንዱም አይመለከተኝም። «አንቺ» እንዳትለኝ ዕድሜዬ ያሳፍራታል፤ «እርስዎ» እንዳትለኝ አክብሮቱ ይተናነቃታል። በመጨረሻ መላ አገኘችለት፤ ባለቤት በሌለው ግስ ታናግረኛለች። «እራት ተበላ?» «መብራቱ ይጥፋ?» «ነገ ይወጣል ወይስ ቤት ይዋላል?» ሐቁን ለመናገር በሰዋስው ችሎታዋ እደነቃለሁ፤ ሰውን ከዓመት በላይ አንድም ጊዜ ሳይሳሳቱ ያለ ተውላጠ ስም ማናገር ቀላል ሥራ አይደለም። ወንድሟ ይብሳል፤ እዚያው ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አባቱን «እሳቸው ሻይ ይጠጣሉ?» ብሎ ይጠይቅልኛል።

ይህ የእኔ ብቻ ችግር ይመስለኝ ነበር። አንድሩ ቸርሊን የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር ግን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ ዳግም ጋብቻን «ያልተሟላ ተቋም» ብሎት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገባ ሰው ልማዱም፣ ሕጉም፣ ቃሉም ተዘጋጅቶ ሲጠብቀው፣ ልጆች ባሉበት ዳግም የሚያገባው ግን የየዕለቱን ችግር የሚፈታበት የተለመደ መንገድ አያገኝም፤ ልጆች የወላጃቸውን አዲስ ባለቤት ምን ብለው እንደሚጠሩ እንኳ የቆረጠ ነገር የለም የሚል ነበር ክርክሩ። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ተጽናናሁ፤ ወዲያው ግን ተናደድኩ። ጉድለቱ ከታወቀ ይህን ያህል ዘመን አልፎ አንዲት መጠሪያ የሚያዋጣ ሰው እንዴት ይጠፋል?

«ትልልቅ ናቸው» የምትሉኝ ሰዎች የተሳሳታችሁት ምኑ ላይ እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። ሕፃን ልጅ ይራባል፣ ይታመማል፣ ጫማው ይጠፋዋል፤ ቢወድህም ባይወድህም ሌሊት ትኩሳት ሲይዘው የምትነሣለት አንተ ነህ፤ ያ በግድ የመጣ ቅርበት ውሎ አድሮ ዝምድና ይሆናል። አዋቂው ልጅ ግን ከእኔ የሚፈልገው አንዳች ነገር የለም። ካልጣምኩት ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመለስም ካቆመበት እንጂ ከተራመድንበት አይጀምርም። ይህም አልበቃ ብሎ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት በዚያ ቤት ውስጥ የ30 ዓመት ትዝታ አለ፤ ቀልዶቹ ሁሉ እኔ ያልነበርኩባቸው ናቸው። ማዕድ ላይ አንዱ አንዲት ቃል ይጥላል፣ አምስት ሰው ይስቃል፣ እኔም ከሰው ላለማነስ እስቃለሁ። የእንጀራ ቤተሰቦችን ለረጅም ዓመታት ያጠናችው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፓትሪሺያ ፔፐርናው፣ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ አንዱ ሁልጊዜ የውስጥ ሰው፣ ሌላው ሁልጊዜ የውጭ ሰው ሆኖ እንደሚቀር ትገልጻለች፤ ቶሎ ይዋሐዳሉ የሚባሉት ቤተሰቦች እንኳ ወደ 4 ዓመት፣ ብዙዎቹ ደግሞ ወደ 7 ዓመት ገደማ ይፈጅባቸዋል ትላለች። እንግዲህ አስሉት፤ ያለፈው ተቀንሶ እኔ በ58 ዓመቴ ገደማ፣ ባሌ በ64 ዓመቱ ገደማ ቤተኛ ልንሆን ነው። ያውም ስሌቱ አንድ ጣሪያ ሥር ለሚያድሩ ሰዎች ነው እንጂ በሳምንት አንድ ቀን ለሚገናኙት ስንት እንደሚሆን እንጃ!

የዕቃ ነገር ከተነሣ ሳሎን ውስጥ ግድግዳውን የሸፈነ አንድ ትልቅ ቁም ሳጥን ነበር። መስኮቱን በግማሽ ከልሎት ስለነበር ባሌን አስፈቅጄ ወደ መተላለፊያው አዛወርኩት፤ ሲዛወር የገፋውም እሱ ራሱ ነው። በዚያው ምሽት ሦስቱ ልጆች በስልካቸው በሚጻጻፉበት የቤተሰብ ቡድን ውስጥ የቁም ሳጥኑ ፎቶግራፍ ወጣ፤ ከሥሩም «ቤታችን እየፈረሰ ነው» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። እኔ በቡድኑ ውስጥ ስለሌለሁ ያሳየኝ ባሌ ነው፤ ለምን እንዳሳየኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከእናታቸው ጋር የገዙት ዕቃ እንደነበረ፣ በበሩ ውስጠኛ ክፍል ላይ የልጆቹ ቁመት በየዓመቱ በእርሳስ እየተለካ እንደተሰመረበት ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ማንም አልነገረኝም። ብነገር ኖሮ መስኮቱ ለዘላለም ይጨልም ነበር እንጂ አልነካውም ነበር። አንድ ዕቃ ከመነካቱ በፊት ታሪኩን የሚነግር ሰው በሌለበት ቤት ውስጥ ግን እጅን አጣጥፎ ከመቀመጥ በቀር ምን ማድረግ ይቻላል?

ከቁም ሳጥኑ በታች የተኛው ጉዳይ ውርስ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚናገረው ግን የለም። ባሌ ልጆቹን ወራሽ ያደረገበት ኑዛዜ ከፍቺው በኋላ ጽፎ አስቀምጧል፤ ይህም እነሱንም እሱንም አረጋግቷቸው ኖሯል። ነገር ግን ሕግ ከአገር አገር ይለያያል፤ ለምሳሌ በእንግሊዝ ጋብቻ ራሱ፣ ጋብቻው ታስቦ ካልተጻፈ በስተቀር፣ ቀድሞ የነበረን ኑዛዜ ይሽራል። በብዙ አገሮችም የትዳር ጓደኛ ከሟች ንብረት ድርሻ አለው፤ ከጋብቻ በፊት የተገኘው የግል፣ ከዚያ በኋላ የተገኘው የጋራ ነው ቢባልም፣ የቆየ ቤት በአዲስ ገንዘብ ሲታደስ ድንበሩ ይደበላለቃል። ስለዚህ የልጆቹ ሥጋት ቅዠት ነው አልልም። የሚያበሳጨኝ፣ ሥጋታቸውን አውጥተው ተናግረው ሁላችንም አንድ የሕግ ባለሙያ ዘንድ ከመቀመጥ ይልቅ፣ ጣሪያው ሲጠገን እኔ ስንት እንዳዋጣሁ በጎን ማጠያየቃቸው ነው። ከጋብቻው በፊት የንብረት ውል እንፈራረም ብዬ ያነሣሁት እኔ ነበርኩ፤ «ሳንጋባ ስለ መለያየት?» ብሎ ያኮረፈው ባሌ ነው። ይህን ልጆቹ አያውቁም፤ እሱም አይነግራቸውም።

አሁን ደግሞ በራሴ ላይ ልመስክር። ባለፈው ዓመት ልጄ በሚኖርበት በቀድሞ ቤቴ የውኃ ቧንቧ ተበላሽቶ ባሌ ሊጠግን ሄደ። የ27 ዓመት ልጄ መፍቻውን ከእጁ ተቀብሎ «ይህን አባቴ ነበር የሚሠራው፤ እኔ አውቀዋለሁ» አለው። አላወቀበትም፤ ማእድ ቤቱ በውኃ ተጥለቀለቀ፤ ባሌ ዝም ብሎ መጥረጊያ አንሥቶ አገዘው። ያን ዕለት ማታ እኔ ምን አልኩት መሰላችሁ? «ተወው፣ ይለምዳል» አልኩት። ባሌ ስለ ልጆቹ በነገርኩት ቁጥር የሚመልስልኝን፣ በሰማሁት ቁጥር ጥርሴን የሚያፋጨኝን ያንኑ ቃል! ለራሴ ልጅ ሲሆን ሐዘን ነው፤ ለሰው ልጅ ሲሆን ጥጋብ ነው። ይህን እያወቅሁም የትልቋ ልጅ ረጅም ትንፋሽ ሲሰማኝ ደሜ መፍላቱን አያቆምም።

ለባሌ ግን ይቅርታ የለኝም። ልጆቹ እኔን አልመረጡኝም፤ እሱ ነው የመረጠኝ። በመካከላችን ቆሞ ሁለቱንም ወገን ላለማስቀየም በዝምታ የሚያልፈው ነገር ሁሉ ተጠራቅሞ የሚወድቀው እኔ ላይ ነው፤ እነሱ እኔ ያጓደልኩ ይመስላቸዋል፣ እኔም እነሱ የጠሉኝ ይመስለኛል፣ እሱ ግን ሰላማዊ ሰው ተብሎ ይኖራል። ባለፈው ሳምንት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቁልፋቸውን እንዲመልሱ ሳይሆን ከመምጣታቸው በፊት እንዲደውሉ ብቻ እንዲነግራቸው ጠየቅሁት፤ ሁለት ቀን አኩርፎ በሦስተኛው ነገራቸው።

ትናንት ስልኬ ጠራ። ትልቋ ልጅ ነበረች፤ ከተጋባን ጀምሮ በራሴ ስልክ ደውላልኝ አታውቅም። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «በሩ ይከፈታል?» አለችኝ። ማን እንደሚከፍተው አልጠቀሰችም።

«ይከፈታል» አልኳት።