ይድረስ ለክቡር ክራፍት ቢራ፣ ካሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከምላሴ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

አንቱ ማለቴ አይግረምዎ። የሰፈሬን ቢራ አንተ ነው የምለው። አብረን አድገናል፣ ችግሬንም ያውቃል። እርስዎ ግን ከትንንሽ ጠማቂ ቤት የሚወጡ ቢራ ነዎት፤ በዚህ ዋጋ አንተ ማለት ድፍረት ይሆንብኛል።

የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ጥር ላይ ነን፤ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሳሩን ያነጣዋል። የመንዝ ባና ደርቤ ተቀምጫለሁ። እጄ ቢንቀጠቀጥ ከብርዱ እንጂ ከክብርዎ የተነሣ አይምሰልዎ።

ዝናዎ ከእርስዎ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነው የደረሰኝ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ዳር ሰሌዳ ሲያስወጣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ያ ሁሉ ጭፈራ፣ ያ ሁሉ በዝግታ የሚወርድ አረፋ ቀረልኝ አልኩ። ለካ የአክስቴ ልጅ በአዋጁ አልተካተተም።

እሱ አሜሪካ ነው ያለው። በቴሌግራም ድምፅ ይልክልኛል። ስለ ሥራው ግማሽ ደቂቃ፣ ስለ ጤናው ምንም፣ ስለ እርስዎ ስድስት ደቂቃ። ፎቶ ይልካል፤ ብርጭቆ በእጁ፣ ከብርጭቆው ጀርባ ፀሐይ ስትጠልቅ። «ይሄ ሌላ ነገር ነው» ይለኛል። «ቢራ እንዳይመስልህ!» ያኔ ልብ አላልኩትም እንጂ እውነቱን ነበር የነገረኝ።

መጀመሪያ የተዋወቅነው አዲስ አበባ ነው። የሚያስታውሱኝ አይመስለኝም። ለጉዳይ ሄጄ አንድ ወዳጄ ራሱ ጠምቆ የሚሸጥ ቤት ወሰደኝ። ስሙን አልጠራም፤ ወንበሩ ምቹ ነበር። አራት ትንንሽ ብርጭቆ እንጨት ላይ ተደርድሮ መጣ። ደም ምርመራ ክፍል የገባሁ መሰለኝ። የመጀመሪያው አልጠራም። አስተናጋጁን ጠርቼ «ይሄ ደፍርሷል» አልኩት።

«ሄዚ ነው» አለኝ።

«ድፍርስ ማለት ነው?»

«አይ፣ ሄዚ።»

ሁለተኛው ሆምጥጧል። ይሄንንም ነገርኩት። ልጁ ትዕግሥተኛ ነው፤ «ሳወር ነው ጋሼ፣ ሆን ተብሎ ነው» አለኝ። ሆን ተብሎ! በእኛ አገር ጠላ ሲሆመጥጥባት ባለቤቲቱ እንግዳ ፊት አንገቷን ትደፋለች። ስንት ሴት አፍራ ጋን ሙሉ ጠላ ደፍታለች፣ «ሆን ብዬ ነው» የምትለዋን አንዲት ቃል የሚያስተምራት አጥታ።

ሦስተኛው ጥቁር ነበር። እሱ ደህና ነው፤ አሻሮው ያረረበት ጠላ ይመስላል። አራተኛውን አላስታውሰውም።

እንግዲህ ያን ቀን ተለያይተን ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር። የአክስቴ ልጅ ግን ተቆጣ። «እነዚያ አይደሉም! ዋናውን አልቀመስከውም» አለኝ። በካሊፎርኒያ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣ ቢራ አለ፣ ሰው እሱን ለመጠጣት ሰዓታት ይሰለፋል ብሎም አጫወተኝ። እውነት ነው፣ ይሰለፋሉ። እኛም ሰልፍ እናውቃለን፤ ለዘይትና ለነዳጅ። እነሱ ግን ደስ እያላቸው ነው የሚሰለፉት አሉ።

ዘንድሮ ለገና መጣ። እርስዎንም በሻንጣው፣ በካልሲ ጠቅልሎ አመጣዎት። አራት ቆርቆሮ፣ 24 ዶላር። ቆርቆሮው ላይ በቀይ፣ በሰማያዊና በቢጫ የተሣለ ዘንዶ መሳይ ነገር አለ። ለእናቱ ሹራብ ነው ያመጣላት፤ ሹራቡ በካልሲ አልተጠቀለለም።

ማታ ተሰበሰብን። እኔ፣ ጎረቤታችን ጋሼ፣ አክስቴና እሱ። ክቡርነትዎ መስኮቱ ላይ አድረው ነበርና በረዶ ሊሆኑ ምንም አልቀረዎት። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጥር ላይ ፍሪጅ መሰካት መብራት ማባከን ነው። የአክስቴ ልጅ ነካ አደረገዎትና ደነገጠ። በጣም ከቀዘቀዘ ጣዕሙ ይደበቃል፣ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ መሆን አለበት አለ። ምን ይደረግ? ከሰል ማንደጃው ዳር አስጠጋዎት። በዕድሜዬ ቢራ እሳት ሲሞቅ ያየሁት ያን ማታ ነው። እኛ ጋቢና ባና ደርበን ግድግዳ ተደግፈን ተቀመጥን። እሳቱን እርስዎ ያዙት።

ሲከፈቱ ደግሞ ተቆጡ። በእርግጥ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ታች አገር የታሸገ ጋዝ እዚህ ሲከፈት ተሽቀዳድሞ ይወጣል። ላዩ ላይ እሳት ሞቀዋል፣ ሻንጣ ውስጥም ተንገላተዋል። ፍስስ ብለው ምንጣፉ ላይ ፈሰሱ። የአክስቴ ልጅ አረፋውን በመዳፉ ሊመልሰው ሲታገል አይቼ ዞር አልኩ። ሰው ሲዋረድ ማየት አልወድም።

ከዚያ ብርጭቆ ተፈለገ። አፉ ሰብሰብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ መሆን አለበት ተባለ። አክስቴ ብርሌ አመጣች። «አፍንጫችሁን አስገቡና ሽተቱ» አለን። በብርሌ አንገት ያበሻ አፍንጫ አይገባም። በመጨረሻ በጣሳ ሆነ።

«ማንጎ ሸተተህ?»

ማንጎ ካማረኝ ሸዋሮቢት ቁልቁል መውረድ ነው።

«ጥድስ?»

ጥድማ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞልቷል፤ ጠጥተነው ግን አናውቅም።

እሱ ሲናገር ነው የገባኝ፣ የእርስዎ ሰዎች ለሽታ የራሳቸው መዝገበ ቃላት አላቸው። የተቆረጠ ሳር። ሙጫ። አንዳንዱን ሆፕስ፣ ለቢራ ምሬትና ሽታ የሚሰጠውን አበባ ማለቴ ነው፣ «የድመት ሽንት ይሸታል» ይሉታል፣ ሁልጊዜም ለነቀፋ አይደለም። በዱር እርሾ የሚብላላ ቢራም አለ፤ እሱ ደግሞ «የፈረስ ብርድ ልብስ» ይሸታል ይባላል። ይህን ሲናገር ጋሼ ቀና አሉ። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተማ ናት። አገሩም የፈረስ አገር ነው። ሁለቱም በደጃችን እያሉ አንድ ላይ አድርገን እንጠጣው የሚል ሐሳብ እስከ ዛሬ ለማንም አልመጣለትም።

ጠጣን። መረረን። ጌሾ የለመደ ምላስ ነው ያለኝ፣ ምሬት አያስደነግጠኝም። የጌሾ ምሬት ግን ይመጣና ይሄዳል። የእርስዎ መጣና ተቀመጠ፣ ጫማውንም አወለቀ። ኮሶም ይመራል፤ እሱ ቢያንስ ትል ያስወጣል። ማንጎው የት እንደገባ አላውቅም። የቀረኝ የረጠበ ካርቶን የመሰለ ጣዕም ነው።

«እንዴት ነው?» አለ የአክስቴ ልጅ። ዓይኑ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ይሄዳል።

ጋሼ ጨዋ ሰው ናቸው። «ዘንድሮ እኮ ውርጩ በረታ» አሉ።

እኔ ግን «ደስ ይላል» አልኩ።

ክቡር ሆይ፣ ይህችን «ደስ ይላል» ነው የማዝንባት። ልጁ ከአሜሪካ ድረስ ተሸክሞ አምጥቶ እንዴት ሌላ ልበል? እሱ ግን ድምፄን ቀድቶ ለጓደኞቹ ላከው። «ደብረ ብርሃን ድረስ ወደዱት!» ብሎ። ያንን የሰማ ደግሞ ነገ ሄዶ 24 ዶላሩን ይከፍላል። ይመረዋል። ጓደኞቹ ዓይን ዓይኑን ሲያዩት እሱም «ደስ ይላል» ይላል። ያን ሁሉ ዓመት ዝናዎን ማን እንደሚያዳርስልዎ ሲገርመኝ ነበር። እኔው ነኝ ለካ።

ፍትሕ እንዳላጓድልብዎ አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ዓይነት ቢራ ውስጥ ያለው የሆፕስ ሽታ ቶሎ ይጠፋል። አየርና ሙቀት ያበላሹታል፤ ካርቶን ካርቶን የሚለውም ያ ነው። ትኩስ ሆነው ጠማቂው ደጅ ቢገኙ ምናልባት ሌላ ሰው ነበሩ። የሚገርመኝ ግን የዘር ሐረግዎ ነው። አይፒኤ (ኢንዲያ ፔል ኤል) ተብለው የሚጠሩት ከእንግሊዝ ወደ ህንድ በመርከብ ይላክ በነበረው ቢራ ስም ነው። ሆፕስ የሚበዛበትም ለወራት ጉዞ እንዳይበላሽ ነበር። አያትዎ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረው ህንድ ገብተዋል። እርስዎ ግን በካልሲ ተጠቅልለው፣ በአውሮፕላን ተጭነው፣ ሰፈሬ ጠባሴ ሳይደርሱ ሞቱ።

ደግሞ ስምዎ። «ክራፍት ማለት በእጅ ጥበብ የተሠራ፣ በትንሽ በትንሹ የሚጠመቅ ማለት ነው» ብሎ የአክስቴ ልጅ ለእናቱ አስረዳት። ይህን ሲያስረዳት እሷ ጌሾ እየወቀጠች ነው። «አሃ» አለች። ጋኑን በግራዋ ያጠበችው እሷ ናት። በወይራ ያጠነችው እሷ ናት። ጥንስሱን፣ ድፍድፉን፣ የብቅሉን መጠን በእጇ እንጂ በሚዛን አታውቀውም። ልጇን ያስተማረችውም በዚሁ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የገባው በጠላ ነው። እዚች ከተማ ሁለት ትልልቅ የቢራ ፋብሪካዎች መጥተው ሲተከሉ እንኳ አልተናነቀችም። «እነሱም ይሥሩ» ነው ያለችው።

አሜሪካ ውስጥ ሰው በገዛ ቤቱ ቢራ መጥመቅ ሕገ ወጥ ነበር። የመጠጥ ክልከላው በ1933 እ.ኤ.አ. ሲነሣ የቤት ቢራ ነገር ሳይፈቀድ ቀረ። የፈቀደውን ሕግ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የፈረሙት በ1978 ነው፣ በእኛ 1971። የእርስዎ ወገኖች የበዙት ከዚያ ወዲህ ነው። አክስቴ በ1971 ጠላ አጠማመቅ ከእናቷ ተምራ ጨርሳ ነበር። ካርተርን አልጠበቀችም።

ገብሱንም ላንሣ? ካሊፎርኒያ ውስጥ ገብስን ቢጫ እያደረገ የሚያቀጭጭ ቫይረስ ነበር። እሱን የሚቋቋመው ዘረ መል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው፤ ከዚያ ተወስዶ በማዳቀል ወደነሱ ገብስ ገባ። ዝምድና አለን ማለት ነው። ዘመድ ዘመድን እንዲህ አያስከፍልም።

ወደ ማታው ልመለስ። አክስቴ እስካሁን አልቀመሰችም ነበር። ልጇ ሲለምናት ሙቀጫውን አስቀምጣ ጣሳውን ተቀበለች። ጎንጨት አለች። አፏ ውስጥ ትንሽ አቆየችው። እሷ ስትቀምስ ቤቱ ዝም ይላል፤ በሰፈራችን ድግስ ያለበት ሁሉ «ቅመሽልኝ» ብሎ የሚጠራት እሷን ነው።

«ጌሾው በዝቷል» አለች።

«ጌሾ አይደለም እማዬ፣ ሆፕስ ነው።»

«እሱም ቢሆን በዝቷል።» ደገመችና ቀመሰች። «ይሄን የጠመቀችው ልጅ ገና ጀማሪ ናት። እንዳይቀጥንባት ፈርታ ነው። አይዞሽ በላት፤ ትማራለች።»

የአክስቴ ልጅ ዝም አለ። «ስንት ሸጠችልህ?» ስትለው ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ማንደጃው አየሁ።

«ትንሽ ወደድ ይላል» አለ።

«መግዛትህ ደግ አደረግህ» አለች። «ጀማሪ ካልተገዛላት ተስፋ ትቆርጣለች።»

ያን ማታ ሦስት ጣሳ ጠላ ጠጣ። አንዱንም አልሸተተም። ፎቶም አላነሣም።

የቀሩትን ወንድሞችዎንም ቀስ እያልን ጨረስናቸው፤ ለምን እንደጨረስናቸው አልጠይቅም፣ 24 ዶላር ነው። ቆርቆሮዎችዎ ግን አልተጣሉም። አክስቴ ደጅ፣ እንጨቱ ላይ የሚደፋው የጠላ ቤት ምልክት ጣሳ ዝጎ ተቦድሶ ነበር። አሁን በእሱ ቦታ እርስዎ ተደፍተዋል። ከመንገዱ ማዶ ይታያሉ። ያ ዘንዶ መሳዩ ተዘቅዝቆ፣ በጠዋት ፀሐይ ያብረቀርቃል። ትናንት ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች እርስዎን አይተው አቆሙ።

«ምንድን ነው ያለው?» አሉ።

«ጠላ» አለች።

ገቡ።

አክባሪዎ፣
ከጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን