ቀልድም አስተያየት ነው

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «በመንግሥት በጀት የሚተዳደር ጣቢያ በመንግሥት ላይ ሊቀልድ አይገባም» ይላል። አልተቀበልኩትም። በጀቱ እኮ የእኛው ግብር ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 29 ላይ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችል ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። ቀልድም አስተያየት ነው።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። እሁድ ጎረቤት ቡና እየጠጣን ቴሌቪዥኑ ስለ ፕሮጀክት ምረቃ ያወራል። አንድ የሰፈር ልጅ ተነሳ። ባዶ ቢጫ ጀሪካን ከፊቱ አቁሞ፣ ሪሞቱን እንደ ማይክ ይዞ የባለሥልጣን ንግግር ጀመረ። «ውድ ነዋሪዎች፣ ውኃው መንገድ ላይ ነው!» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንዲት እናት ግን ሳቃቸውን ሳይጨርሱ «ልጄ፣ ይሄን ውጭ እንዳትለው» አሉት። እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ድሮ ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። በርግጥ ጫናው የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ቢቢሲ እንኳ ፖለቲከኞች ላይ የሚቀልደውን የቅዳሜ ማታ ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ1963 መጨረሻ ላይ አቁሞታል። ምክንያቱ «መጪው የምርጫ ዓመት ነው» የሚል ነበር። እኔ ደግሞ ቀልድ የሚያስፈልገው በምርጫ ሰሞን ነው ባይ ነኝ።

ኢቢሲ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። እንግዲያው ምክር ቤቱ ለኮሜዲያኖቻችን በሳምንት ግማሽ ሰዓት ያስከብርላቸው። ያ የጀሪካኑ ልጅ የመጀመሪያው እንግዳ ቢሆን ደስታዬ ወሰን የለውም።