አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ

ሰሞኑን ደሴ ላይ የታሪክ ውይይት ነበር። ከተናጋሪዎቹ አንዱ እንዲህ አሉ፦ «የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ላይ ያቺ አንዲት ቃል በትክክል ተተርጉማ ቢሆን ኖሮ የዐድዋ ጦርነት ባልተደረገ ነበር።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከኋላዬ የተቀመጠ ወጣት «አቤት!» አለ፣ አዲስ ነገር እንደሰማ ሁሉ። እኔ እጄን አወጣሁ። ማይኩ ሁለት ወንበር ሲቀረው «ሰዓት አልቋል» ተባለ። ስለዚህ እዚህ ልናገረው።

የ«ቢሆን ኖሮ» ጨዋታ አልጠላም። ቡና ላይ ከአቦል እስከ በረካ ቢወራ አይሰለቸኝም። ከመድረክ እንደ እውቀት ሲቀርብ ነው የሚያመኝ።

ባለፈው ወደ ወልድያ ስሄድ ሚኒባሱ ውጫሌ ላይ ቆመ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት በመስኮት አየት አደረጉና «የኔ ልጅ፣ ያ የተሳሳቱበት አገር ይኸ ነው?» አሉኝ። «አዎ እናቴ» አልኩ። ምን ልበል? የተሳሳቱበት አገር! አንድ ሙሉ ከተማ የፊደል ግድፈት ሆኖ ቀረ።

እሺ፣ ቃሏን እናርማት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ነው። አስተርጓሚው ግራዝማች ዮሴፍ አማርኛውንና ጣሊያንኛውን ጎን ለጎን ዘርግተው፣ የኢጣሊያን መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ ቃል በቃል አመሳከሩ እንበል። አማርኛው «ይቻላቸዋል» ይላል። ንጉሠ ነገሥቱ ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ሲላላኩ ከፈለጉ በኢጣሊያ በኩል ይችላሉ ማለት ነው። ጣሊያንኛው ደግሞ «ተስማምተዋል» ይላል። ልብ በሉ፣ እዚያም ላይ «ግዴታ አለባቸው» ተብሎ አልተጻፈም። ከ«ተስማምተዋል» ውስጥ «ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት» የሚለውን ጎትቶ ያወጣው ሮም የተቀመጠው ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ነው። ቃሏን ባያገኝ ነጠላ ሰረዝ ትበቃው ነበር።

ደግሞስ ምጽዋ በ1877 ስትያዝ የቱ ውል ነው የተሳሳተው? በ1879 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት ጦር አስተርጓሚ ፍለጋ ነበር የመጣው? ሌባው ሳሎን ገብቷል፤ እኛ በሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ እናርማለን።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን አንቀጽ 3 መረሳቱ ነው። እሱ ላይ የትርጉም ጠብ አልተነሳም። ድንበሩን በቦታ ስም እየጠራ ያስቀምጣል፤ አስመራን ለኢጣሊያ ይለቃል። አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ የተፈረመ ውል ነውና ኢጣሊያ በደህና ቀን የማታገኘውን አገኘችበት። ጠገበች? ዓመት አልቆየችም። ጦሯ ያንኑ መስመር ጥሶ መረብን ተሻገረ፤ በ1882 ዐድዋ ከተማ ድረስ ገብቶ ወጣ። በሁለቱም ቋንቋ አንድ ዓይነት የሆነችውን አንቀጽ ያላከበረ መንግሥት፣ የ17ን ቃል ብናስተካክልለት አደብ ሊገዛ ኖሯል? እኚህ ምሁር ይህን እንዴት እንዳለፉት አይገባኝም። ወይም ይገባኛል፤ አንቀጽ 3 አያስጨበጭብም።

አንድ ነገር ልስጥ። ቃሏ ባትኖር፣ ምኒልክ ለእንግሊዝና ለጀርመን ለጻፉት ደብዳቤ «በሮም በኩል ይሁን» የሚል መልስ ላይመጣ ይችል ነበር። ያ ባይመጣ ደግሞ ውሉ በ1885 ላይፈርስ ይችላል። ጦርነቱ አንድ ሁለት ዓመት ይገፋ ይሆናል። ከዚህ በላይ ግን ሳንቲም አልጨምርም።

ማስረጃ ካስፈለገ ሁለተኛውን ዙር እንይ። በ1920 ከኢጣሊያ ጋር የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈረመ። ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ የመሥራት ስምምነትም አብሮ ነበር። አዎ፣ እስከኛዋ ደሴ። አንቀጽ 17 የለ፣ «ይቻላቸዋል» የለ። ኅዳር 1927 ኦጋዴን ውስጥ ወልወል ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ ሰበብ ተገኘ። በዓመቱ፣ ኅዳር 1928፣ መንገድ የተዋዋሉላት ደሴ የቦምብ ናዳ ወረደባት። ያን ጊዜ ማን ምን ብሎ ተርጉሞ ነው?

የሰገሌውም ወሬ ያው ነው። «ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ባይሸነፉ ኖሮ» ስንል ነው ያደግነው። አይጠየፍ አዳራሽ ደጃፍ ቆሞ ይህን ያላለ ደሴዬ ካለ ይምጣ። እኔም ብያለሁ። ግን አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የተዋጉላቸው የልጅ ኢያሱ ነገር ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ አይደለም ያበቃው። ከወር በፊት፣ በመስቀል ዕለት፣ አዲስ አበባ ላይ ከሥልጣን ወርደዋል። ነበር ባይሰበር! ይህን ሌላ ጊዜ።

ይህ የ«አንዲት ቃል» ተረት ሰዎቹንም ያሳንሳል። በ1888 ክተት ሲታወጅ የሸዋ ሰው የት ነበር ተገናኝ የተባለው? ወረኢሉ። ውጫሌም ወሎ፣ ወረኢሉም ወሎ። «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» ሲባል በሶውን ቋጥሮ የወጣ ገበሬ ጣሊያንኛ የት ተምሮ ነው በግስ የተቆጣው? ያውም ከክፉ ቀን ገና ማገገሙ ነበር። በሬው በከብት በሽታ አልቆበት መሬቱን በዶማ ሲቆፍር የከረመ ሰው ነው። በሽታውስ ቢሆን ኢጣሊያኖች በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር አይደለም የገባው? እሱ የዘመተው አገርህ ሊወሰድ ነው ስለተባለ ነው። መዝገበ ቃላት ይዞ አልወጣም። አሁን ግን በአዳራሽ ተቀምጠን «ባልተግባባንበት ነገር ተዋጋን» እንለዋለን፤ ወራሪውንም ያልገባው እንግዳ እናደርገዋለን።

ይህን ሁሉ ልናገር ነበር እጄን ያወጣሁት። ማይኩ ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ አዳራሹ ያው ማጨብጨቡ አይቀርም ነበር፤ ለሳቸው።